«ተገኝተዋል፤ እናመሰግናለን»

አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተጀምሮ በቀረ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት ሞተው ተገኙ። ጀርባቸውን ለደረቀ የሲሚንቶ ከረጢት ክምር ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው በሩን እያዩ ነበር የቀሩት።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ስትወርድ ገና ከመሃል ሽታው ተቀበላት። ምድር ቤቱን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሽንት ቤት አድርጎታል። ባልደረቦቿ «አፍንጫ» የሚል ስም ያወጡላት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌላው ያልሸተተው ለእሷ ቀድሞ ይሸታታል። ስለዚህ ከኪሷ የሎሚ ልጣጭ ጠፍቶ አያውቅም። ልጣጩን አውጥታ አሸተተችና ወደ አስከሬኑ ቀረበች።

«መቼ ነው?» አለችው ሐኪሙን።

«ትናንት ከመሸ በኋላ። ብርድ፣ ርሃብ፣ ዕድሜ። የነካቸው ሰው የለም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እጃቸውን በደንብ ሳላይ አልናገርም።»

አዛውንቱ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል። የግራ እግራቸው ጫማ አለው፤ ቀኙ የለውም። ጫማ በሌለው እግር ላይ ግን ንጹሕ ፋሻ ታስሯል፤ ጫፉ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ሙያ ያለው ሰው ሥራ ነው። ከኪሳቸው የብስኩት መጠቅለያና አንዲት የኪኒን ፖስታ ወጣች። ፖስታዋ ላይ «ጠዋትና ማታ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ይነበባል፤ ማኅተሙ ግን ውኃ ነክቶት ደብዝዟል።

«ይህን ፋሻ ያሰረ ሰው አይቷቸዋል፤ ብስኩት የሰጠም አይቷቸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁለት ሰው አይቶ፣ አስሮ፣ አብልቶ፣ ከዚያ ለውሻ ጣላቸው ማለት ነው?»

ሳጅኑ አጠገቧ ቆሟል። ይህ ወፍራም ሰው አስከሬን ፊት እንኳ ቀልድ የማያጣ ነበር፤ ዛሬ ግን አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል።

ከሕንፃው ውጭ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ፣ የሟቹ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል። «አባታችን ጠፍተዋል። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ይረሳሉ።» ከሥሩ ቡናማ ቀለም ያለው ኪውአር ኮድ አለ። ነጥቦቹ ክብ ክብ ተደርገው የተሠሩ፣ መሃሉ ላይ የአዛውንቱ ትንሽ ፎቶ የገባበት፣ ለሠርግ ጥሪ የሚሆን ዓይነት ቆንጆ ኮድ ነው። ዙሪያውን «አባታችንን ያዩ እዚህ ይንገሩን» ይላል። ስልክ ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም።

ኢንስፔክተሯ ስልኳን ደቀነች። አንድ ገጽ ተከፈተ፤ ዳር ዳሩ አበባ የተሣለበት ገጽ።

«አባታችን ተገኝተዋል፤ እናመሰግናለን! በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። እባካችሁ ፎቷቸውን ከዚህ በላይ አታሰራጩ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከበስተኋላዋ ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ ይሰማታል። ልጣጩን አፍንጫዋ ላይ ብትይዘውም ምንም አልጠቀማትም፤ ይኼኛው ግማት ከምድር ቤቱ አልነበረም። የገጹን ፎቶ አነሳችና ስልኳን ኪሷ ከተተች።

*

ልጃቸው ነርስ ናት። አስከሬኑን ካየች በኋላ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ግን የጋውኗን ቁልፍ ስትፈታና ስትቆልፍ አንዱን በጠሰችው።

«አራት ቀን ሙሉ» አለች። «ሰኞ ጠዋት ወጡ። አራት ቀን በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ሲዞሩ አንድ ሰው አላያቸውም? አንድ ሰው አልጻፈልንም! ማክሰኞ ማታ ከተረኝነቴ ከወጣሁ ጀምሮ ስልኬን በየደቂቃው ነው የማየው፤ የመልእክቱ ሣጥን ባዶ ነው። የኔ እመቤት፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ አባዬ እንዲህ የማይታዩ ሰው ናቸው?»

«ኮዱን አንቺ ራስሽ ከግድግዳ ላይ ከፍተሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ለምን ብዬ? የአባቴን መልክ ከማስታወቂያ ነው የማየው?» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ትናንት ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ እቅፍ አድርጋ 'እንኳን ደስ አለሽ' አለችኝ። በሌላ ሰው አሳስታኝ ነው ብዬ አለፍኩ።»

ኢንስፔክተሯ የገጹን ፎቶ አሳየቻት። ልጅቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አነበበችና መለሰችላት። «እኔ አይደለሁም» አለች፤ ገና ማንም ሳይጠይቃት።

በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሟ ከተፍ አለ። በደንብ የተተኮሰ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። ሥራው ስለ አረጋውያን ወላጆች ክብካቤ ማሠልጠን ነው፤ «አባቴን ስንከባከብ» የሚል ዌብሳይት አለው፤ የአባቱን እግር ሲያጥብ፣ ፀጉራቸውን ሲያበጥር የሚያሳዩ ፎቶዎቹን ሺዎች ይከታተሉታል። ኢንስፔክተሯም ከዚህ በፊት አይታቸው አንጀቷን በልተዋት ነበር።

«ይህ ሕዝብ ልብ የለውም» አለ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ። «አንድ ሽማግሌ አራት ቀን ሲንከራተት ዐይኑን ጨፍኖ ያለፈ ሕዝብ! እኔ ይህን ዝም አልልም፤ እጽፈዋለሁ።»

«ገጹን ማን እንደቀየረው ያውቃሉ?»

«ምኑን?» ፎቶውን አየና ራሱን ያዘ። «አጭበርባሪ ነው! ለዚህ ነው ስልክ ቁጥር አይውጣ ያልኩት፤ የጠፋ ሰው ባለበት ቤት አጭበርባሪ እየደወለ ብር ይጠይቃል። ኪውአር ምናምኑን እኔ አላውቅበትም፤ ቀለም ከመምረጥ በቀር አልነካሁትም። አካውንቱ የእህቴ ነው።»

«ከሰኞ ጀምሮ የት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ሰኞ አታሚው ጋ፤ ማክሰኞ አውቶቡስ ተራ፤ ከሃያ በጎ ፈቃደኞች ጋር፤ እጄ በሙጫ ተጣብቆ!»

*

ማስታወቂያውን የሠራው አታሚ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም። የሱቁ አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በናሙና ተሞልቷል፤ የምግብ ቤት ዝርዝር፣ የሠርግ ካርድ፣ የውበት ሳሎን ማስታወቂያ፣ ሁሉም ኪውአር ኮድ አለባቸው፤ ሁሉም ላይ ኮዱ አጠገብ አረንጓዴ የራይት ምልክት ተደርጓል።

«ወረቀት ላይ አውጥቼ በሦስት ስልክ ሳልሞክር አላትምም» አለ በኩራት። «ካነበበ በአረንጓዴ እመታዋለሁ፤ እሰቅላለሁ። ያለዚያ ሺህ ካተምኩ በኋላ አልከፍት ቢል ማን ይክሰኛል?»

«የመምህሩን ኮድ ንገረኝ።»

«እሱማ ሦስቴ ነው ያሠሩኝ። እህትና ወንድም አብረው መጡ። እህቲቱ በኢሜይሏ አካውንቱን ከፈተች፣ ተረኛ ነኝ ብላ እየሮጠች ሄደች። ወንድምየው ቀረ። መሃሉ ላይ ፎቶ ይግባ አለ፤ አስገባሁ። ፎቶው ይተልቅ አለ፤ ነጥቡን ሸፍኖት ስልክ እምቢ አለ። ቡናማው ፈዘዝ ይበል አለ፤ ፈዘዘና እንደገና እምቢ አለ። ከኮዱና ከጀርባው መሃል የቀለም ልዩነት ከሌለ አይነበብም፣ ጌታዬ፣ ብዬ ለመንኩት። ነጥቦቹ ክብ ካልሆኑ ደግሞ አያምርም አለ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ሁለት ሰዓት ግድም።»

አባት ጠፍተው ሁለት ሰዓት ቡናማ ሲመረጥ! ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ከታተመ በኋላ ኮዱ ሌላ ገጽ ሊከፍት ይችላል? አጥሩ ላይ ያለው ተለጣፊ አልተደረበበትም፤ ፍቄ አይቼዋለሁ።»

«ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሊንኩን በቀጥታ ነጥቦቹ ውስጥ ይይዛል፤ ከታተመ ታተመ፣ አይቀየርም። ሁለተኛው የሚይዘው አጭር መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ በአካውንቱ ገብተሽ በፈለግሽ ቀን ትቀይሪያለሽ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ያው ነው። እነሱ የሚቀየረውን ነው ያሠሩት። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ አምስት መቶ ማስታወቂያ ይቀይራል።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳውን ቃኘች። ከታች በኩል ባዶ ምስማር አለ። «የእነሱ ናሙና የት ሄደ?»

የአታሚው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። «ነፋስ ጥሎት ይሆናል» አለ፤ በሩ ግን የተዘጋ ነበር።

*

ጣቢያ ሲመለሱ ሳጅኑ የቢሮውን በር ዘጋ። ሳይቀመጥ አንድ የፋይል ክላሴር ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። የመምህሩ የመጥፋት ማመልከቻ ነው። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተገኝተዋል፤ ተዘግቷል፤ ረቡዕ» ተጽፏል።

«የእኔ ጽሑፍ ነው፣ አለቃ» አለ። «ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ማስታወቂያውን አየሁት፤ ስልኬን ደቀንኩ፤ ተገኝተዋል ይላል። ደስ አለኝ። እመኚኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ዘጋሁት።»

«ቤተሰቡ ጋ ደወልክ?»

«አልደወልኩም።»

ኢንስፔክተሯ መጮህ ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? እሷም ያን ማስታወቂያ በየመንገዱ አልፋዋለች፤ ቆማ እንኳ አላየችውም። በሳጅኑም፣ በራሷም፣ በዚህ የዳቦ መግዣ መንገድ ላይ በሚፈጸም ሥራቸውም ተጸየፈች። የኪኒኗን ፖስታ በላስቲክ ከትታ ሰጠችው። «ማኅተሙ አይነበብም። ከተማው ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ በእግርህ ትዞራለህ። መኪና የለም።»

«እሺ» አለ። ሲወጣ ከእሱ የማይጠበቅ ፍጥነት ነበረው።

ስልኩ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነው። «እጃቸውን አየሁት። በሁለቱም አንጓ ላይ የመታሰር ምልክት አለ። ገመድ አይደለም፤ ጨርቅ፣ ምናልባት የቢጃማ መቀነት። ሳምንት ግድም ይሆነዋል፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ።»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯና ነርሷ አካውንቱን አብረው ከፈቱ። የመልእክቱ ሣጥን እውነትም ባዶ ነው። የለውጡ ታሪክ ግን ተመዝግቧል፤ ገጹ የተቀየረው ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። የገባውም በትክክለኛው የይለፍ ቃል ነው። ይባስ ብሎ ዛሬ አርብ፣ ቀትር ላይ፣ ገጹ እንደገና ተለውጦ ጥቁር ሪባን አስሯል፤ «አባታችን አረፉ» ይላል።

«ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ነበርኩ» አለች ነርሷ። «ስልካችን ከውጭ በሣጥን ይቆለፋል። ቁልፉ ዋናዋ ነርስ ጋ ነው፤ ጠይቂያት።»

ኢንስፔክተሯ ጠየቀች። ልጅቱ ከስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ከክፍሉ ንቅንቅ አላለችም፤ አራት ሰው መሰከረላት።

«የይለፍ ቃሉን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም። እኔ ራሴ እረሳዋለሁ ብዬ አታሚውን ያዝልኝ አልኩት።»

*

የሕንፃው ዘበኛ አርብ ጠዋት አዛውንቱን በሕይወት አይቻቸው አላውቅም ብሎ ምሎ ነበር። ቅዳሜ ኢንስፔክተሯ ወደ ቆርቆሮ ጎጆው ገባች። ያደረ ካልሲና የጋዝ ምድጃ ይሸታል። ከአልጋው ሥር የብስኩት ካርቶን አገኘች፤ ከሟቹ ኪስ ከወጣው መጠቅለያ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

«የታሰሩትስ በአንተ ነው?»

«ኧረ በእናትሽ!» ዘበኛው ቁጢጥ አለ። «እጄን ይቁረጠው፣ አልነካኋቸውም። ረቡዕ መጡ፤ እያነከሱ። ብስኩት ሰጠኋቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው። ፎቶው አጥሩ ላይ አለ አይደል? ስልኬን ደቀንኩ። ተገኝተዋል ይላል! ተገኝተው ቤታቸው ገብተዋል ካለ፣ እኚህ ሌላ ሽማግሌ ናቸው አልኩ። ሰው ይመሳሰላል። ሐሙስ አለቃዬ ሊመጣ ስለነበር ይሂዱልኝ ብዬ… ብዬ ገፋ አደረግኳቸው። በኋላ በር ተመልሰው ምድር ቤት መግባታቸውን አላየሁም።»

«ለምን ዋሸህ?»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው ብዬ ነዋ!» አለና ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ሊታዘንለትም ሊጠላም የሚገባ ሰው ነው፤ ኢንስፔክተሯ ሁለቱንም አደረገች። ልትወጣ ስትል ዘበኛው ከኋላዋ ተናገረ።

«ለነገሩ ማክሰኞ ሊመሽ ሲል ባለመኪና መጥቶ ስለ እሳቸው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ገና አልመጡም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ 'እግራቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ አላየህም?' አለኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ ሽቶው ግን ራሴን አዞረኝ።»

ኢንስፔክተሯ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ማስታወቂያው ላይ ስለ ፋሻ የተጻፈ ነገር የለም። አዛውንቱ ከቤት ሲወጡ እግራቸው ደህና ነበር። ማክሰኞ ማታ ስለ ፋሻው ሊያውቅ የሚችለው ያሰረው ሰው፣ ወይም ያሰረው ሰው የነገረው ብቻ ነው።

*

ሳጅኑ እሑድ ቀትር ላይ ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል፤ እግሩ ተልጧል። በሠላሳ አራተኛው መድኃኒት ቤት ፋሻውን ያሰረችውን ፋርማሲስት አገኛት።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አውልቃ በነጭ ካባዋ ጫፍ እየጠረገች አወራች። «ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው የገቡት። መስታወት ረግጠው እግራቸው ይደማል። አጠብኩት፣ አሰርኩት፣ ኪኒን ሰጠኋቸው። ስማቸውን ስጠይቃቸው የወንዞች ስም በየተራ ነገሩኝ፤ መምህር እንደነበሩ ያስታውቃል። ሰው ገብቶ ዞር ስል ወጥተዋል። አሥር ሰዓት ላይ ስወጣ ከበራችን ፊት ፎቷቸውን አየሁ። ወዲያው ጻፍኩላቸው።»

«ጻፍሽ? የቱ ላይ?»

«ኮዱ በከፈተው ቅጽ ላይ። ለራሴም ቅጂ በኢሜይል መጥቶልኛል። በማግስቱ ደግሜ ባየው ተገኝተዋል ይላል። ባልደረቦቼን ሁሉ አስጨበጨብኳቸው።» እንባዋ መጣ። «አልተገኙም ነበር እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ቅጂውን አነበበች።

«አባታችሁን ዛሬ ቀትር ላይ አይቻቸዋለሁ። እግራቸውን አስሬላቸዋለሁ፤ አያሰጋም። ግን ሁለቱም እጃቸው ላይ የመታሰር ምልክት አለ። የጎዳቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ስታገኟቸው በቀጥታ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ውሰዷቸው፤ እኔም እመሰክራለሁ።»

የተላከው አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ገጹ «ተገኝተዋል» አለ።

*

«አሁን ነፋስ አትበለኝ» አለች ኢንስፔክተሯ አታሚውን። «ናሙናው የት ነው?»

አታሚው ተስፋ ቆርጦ ከግድግዳው አንዱን ናሙና ነቀለና ገለበጠላት። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ኢሜይልና የይለፍ ቃል አለ። ሌላ ነቀለ፤ እሱም ላይ አለ። ግድግዳው በሙሉ እንዲሁ ነው።

«ደንበኛ ይረሳል» አለ። «ከወር በኋላ መጥቶ 'የይለፍ ቃሌ ጠፋኝ' ይለኛል። ስለዚህ ከጀርባው እጽፍለታለሁ። ሰው ቢሰማ ሱቄን ዘግቼ መሄዴ ነው ብዬ ዋሸሁሽ።»

«የመምህሩንስ ማን ወሰደው?»

«ወንድምየው ማስታወቂያውን ሊረከብ ሲመጣ ነው፤ 'ለማስታወሻ ስጠኝ' አለኝ። ያዘነ ሰው ነው ብዬ ሰጠሁት።»

*

የሐዘን ቤቱ በወንበር ተሞልቷል። ጎረቤቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ነርሷ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከተቀመጡት ግማሾቹ ገጹን እሷ ቀየረችው የሚል ወሬ ሰምተው ወንበራቸውን ከእሷ ራቅ አድርገዋል። ወሬውን ማን እንደጀመረው ለመጠየቅ ኢንስፔክተሯ ጊዜ አላጠፋችም።

ታላቅ ወንድምየው ከአባቱ ትልቅ ፎቶ ሥር ቆሞ ሐዘንተኛ ይቀበላል። ከፎቶው ጎን፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ ቡናማው ኮድ ተሰቅሏል፤ መግቢያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያየው ሆኖ። ኮዱ አጠገብ አረንጓዴ የራይት ምልክት አለ።

«ይህን ላውርደው?» አለች።

«ማስታወሻ ነው» አለ። «እባክዎ፣ ሐዘን ላይ ነን።»

ሳጅኑ አውርዶ የፍሬሙን ጀርባ ከፈተ። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ገልብጣ ለነርሷ አሳየቻት።

«የይለፍ ቃሌ ነው» አለች ልጅቱ።

«እኔ ጀርባውን አይቼው አላውቅም!» አለ ወንድምየው።

«ማክሰኞ አውቶቡስ ተራ ከሃያ ሰው ጋር ነበርኩ ብለውኛል። ሃያዎቹን ሳጅኑ አነጋግሯቸዋል፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቤንዚን ልቅዳ ብለው ሄደው በዚያው ቀሩ። ሲመሽ በዚያ ጅምር ሕንፃ በር ላይ ቆመው ስለ አንድ ሽማግሌ ጠየቁ። እግራቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ። ፋሻውን ማን ነገረዎት?»

ሽቶው ክፍሉን ሞልቶታል። ከሽቶው ሥር ላብ ይሸታል፤ ለሌላው ሰው አልሸተተውም፤ ለእሷ ግን ሸተታት።

የፋርማሲስቷን መልእክት ጮክ ብላ አነበበች። «ሁለቱም እጃቸው ላይ» ከሚለው ስትደርስ ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች።

«አስረሃቸው ነበር?»

«ለደኅንነታቸው ነው!» አለ፤ ወዲያው ድምፁ ተቀየረ። «አንቺ ሆስፒታል ስታድሪ እኔ ነኝ አብሬያቸው የማድር! ሌሊት ሌሊት ይነሳሉ፤ በሩን ይመታሉ፤ ጠዋት ሥልጠና አለብኝ፤ መተኛት አለብኝ። በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ አይጎዳም። ሰኞ ፈትቻቸው ፊቴን ስታጠብ ወጡ። ፈልጌያቸዋለሁ፤ ከማንም በላይ ፈልጌያቸዋለሁ! እኔ ቀድሜ ባገኛቸው… ምልክቱ እኮ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈለግኩት። ሰው ቢያየው ምን ይላል? አስቢው እስቲ፣ እኔን ሰው ምን ይለኛል?»

ጎረቤቶቹ የሚያዩበት ጠፋቸው። አንዲት አሮጊት ይዘውት የነበረውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አኖሩና «ወይ ጉድ» አሉ።

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ ሌባ አይታለች፤ ከብዙዎቹ ጋር ቆማ ማውራት አላቃታትም ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ግን አንድ አየር መሳብ ቀፈፋት። ይህ ሰው ዐይኑን በጨው አጥቦ ሕዝቡን ልብ የለህም ብሏል፤ ልብ ያለውን ሁሉ አበባ በተሣለበት ገጽ ወደ ቤቱ የመለሰው ራሱ ሆኖ ሳለ።

«ሸሚዜን ልቀይር» አለ፣ ሳጅኑ ክንዱን ሲይዘው። «ከውጭ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሊኖር ይችላል።»

«ውጣ» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ጣቢያ መጣች። ዐይኗ አብጧል። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መልእክቶቹን ሰርዟቸው ይሆናል አልሽኝ። የት ነው የማያቸው?»

አካውንቱን አብረው ከፈቱ። ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ማንም የማይነካት ትንሽ ሥዕል አለች፤ ቆሻሻ መጣያ። የተጣለ ነገር ሠላሳ ቀን ይቆይባታል። ኢንስፔክተሯ ተጫነቻት።

አሥራ አንድ መልእክት ነበር። ሁሉም የተጻፉት ከሰኞ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ በአንድ ቀን፣ ገጹ እስኪቀየር ድረስ። ነርሷ ጮክ ብላ ልታነብ ጀመረች፤ ድምፅዋ እምቢ ሲል ሳጅኑ ተቀበላት።

«አባታችሁ ከትምህርት ቤቱ በር ቆመው ተማሪ ሲቆጥሩ አየኋቸው፤ ኮቴን አልብሼአቸው ነበር፤ መለሱልኝ። ቶሎ ኑ።» «ታክሲ ውስጥ ነበሩ፤ ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም፤ የወረዱት ገበያው ጋ ነው።» «ሰላም፣ አሁን ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ሻይ እየጠጡ ነው፤ እስክትመጡ አቆያቸዋለሁ፤ ደውሉልኝ፤ ቁጥሬ ይኸው።» ይኼ ሦስተኛው የተጻፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ጸሐፊው ሁለት ሰዓት ጠብቆ እንደገና ጽፏል። «አሁንም አልመጣችሁም። እናንተን ፍለጋ ልሂድ ብለው ተነሡ፤ ላስቀራቸው አልቻልኩም።»

ወንድምየው ያን ሰዓት የት እንደነበር ኢንስፔክተሯ ታውቃለች። ዌብሳይቱ ላይ አይታዋለች፤ ማክሰኞ ረፋድ «አባቴን ፍለጋ» የሚል ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር።

ሳጅኑ ስልኩን አስቀመጠና መስኮቱን ከፈተ። ነርሷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«አይተዋቸዋል» አለች። «አይተዋቸው ነበር ለካ።»

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ በዚያ በቆርቆሮ አጥር በኩል አለፈች። ማስታወቂያው ዝናብ መትቶት አንድ ጥጉ ተልጧል፤ ቡናማው ኮድ ግን ደህና ነው። ዘበኛው ቀድሟት ቆሟል፤ ስልኩን ደቅኖ ያነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሷም አጠገቡ ቆማ ስልኳን ደቀነች።

አበባውም ጥቁሩ ሪባንም ጠፍተዋል። በነጭ ገጽ ላይ አሥራ አንዱ መልእክት ከነሰዓታቸው ተደርድረዋል። ከላይ የተጻፈው የነርሷ ነው።

«አባቴን ላያችሁ ሁሉ። የጻፋችሁልኝ ዛሬ ደረሰኝ።»